የይቅርታው አንጓ

ኖኤሊ ካስታኜ ፊርመን ቤሳክን «አፍህን ይዝጋው» ብላ የረገመችው ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ በሩ ላይ ነው። በማግስቱ አፉ ተዘጋ። እህቱ ዦዜት ቁርሱን ይዛ ስትገባ ከአልጋው ሥር ወድቆ፣ ቀኝ ጎኑ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ዓይኑን ብቻ ሲያንከራትት አገኘችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ኖኤሊ ግን አፋፉ ይህን ያህል ቅርብ መሆኑን አታውቅም ነበር።

እርግጥ ሰውየውን የጣለው እርግማን አይደለም፤ ደም ግፊት ነው። ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነው። ጨው ቀንስ ሲባል አይቀንስ፣ ሲጋራ ተው ሲባል አይተው፣ ንዴቱንማ ተወው፣ ከሱ ጋር ተወልዶ ከሱ ጋር ያረጀ ነው። ኖኤሊም ብትሆን ዕድሜዋን ሙሉ ላቲን ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ባሏን ቀብራ ብቻዋን የምትኖር፣ በእርግማን የማታምን ሴት ናት። ቢሆንም ሐኪም የሚያውቀው የደም ሥርን ነው። እሷ የምታውቀው ደግሞ ያቺን ቃል ስትወረውር ከልቧ እንደነበረ ነው። ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው፤ ሆዷም ፈጃት።

ለመሆኑ ምን አጣላቸው ብትሉ፣ አንድ አንጓ ግጥም ነው። ያውም ስምንት መቶ ዓመት ያለፈው። እዚህ ካስቴልሩ ሰው በመሬት ወሰን ይጣላል፣ በራግቢ ይጣላል፣ በጎረቤት ውሻ ይጣላል፤ በሙት ዘፋኝ የሚጣሉ ግን እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

መንደራችን ድሮ አንድ ትሩባዱር ወልዳለች፤ ራይናል ይባላል። ትሩባዱር ማለት ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ አውጥቶ ከጌታ ደጅ ጌታ ደጅ እየዞረ የሚዘፍን ሰው ነው። ቋንቋው ኦክሲታን ነው፤ አያቶቻችን ያወሩት፣ ኖኤሊና ፊርመን ልጆች ሳሉ ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲናገሩት የተቀጡበት። ከራይናል ዘፈኖች ለዛሬ የደረሰው እፍኝ አይሞላም። ሁለቱ እሱን ከየብራናው አሰባስበው፣ ጸሐፊዎች ያበላሹትን አቅንተው፣ ዳቦ ጋጋሪውም የልጅ ልጁም አንብቦ እንዲገባው በዛሬ አነጋገር ተርጉመው መጽሐፍ ሊያደርጉት ከተነሱ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ድሮ፣ የልጅ ልጅ ያያል።

ሥራቸው ሐሙስ ሐሙስ ፊርመን ቤት ነበር። እሱ ፓሪስ ያለውን ብራና በፎቶግራፍ አስነስቶ ይዟል፤ እሷ የሚላኖውን። ትይዩ ይቀመጡና አንድ ስንኝ እሱ ያነባል፣ ያንኑ ስንኝ ከራሷ ብራና እሷ ታነባለች። ከተስማማ ያልፋሉ፤ ካልተስማማ ይጨቃጨቃሉ። ትርጉሙ አለቀ በተባለ ጊዜ ደግሞ ዳኛዋ ሌላ ናት። ዦዜት ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ በትንሽ የእንጨት መዶሻ ዋልነት፣ ያን ቅርፊተ ጠንካራ ፍሬ፣ ትሰብራለች፤ እነሱ ጮክ ብለው ያነባሉ። መዶሻው ኳ፣ ኳ ማለቱን ከቀጠለ ስንኙ ሙት ነውና ይሰረዛል። መዶሻው አየር ላይ ከቀረ ግን ሁለቱ ይተያዩና ምንም ሳይናገሩ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ዦዜት ይህንን አታውቅም። ቢነግሯት ኖሮ ሆን ብላ ትሰብርባቸው ነበር።

ይህ ሁሉ መልካም ነበር፤ የይቅርታው አንጓ እስኪመጣ ድረስ። የራይናል ረጅሙ ዘፈን ስድስት አንጓ አለው። ያፈቀራት ሴት በክፉ ቃል አባርራዋለች፤ ሲያማርር ሲያማርር ይቆይና አንዱ አንጓ ላይ ይቅር ብዬሻለሁ ይላታል። በፊርመን ብራና ይህ አንጓ ሦስተኛ ነው። በኖኤሊ ብራና ደግሞ የመጨረሻው። የድሮ ጸሐፊ የሰማውን ነው የሚጽፈው፤ አንዱ እንዲህ ሰምቷል፣ ሌላው እንዲያ። ታዲያ መጽሐፉ ውስጥ የቱ ይግባ?

«ሰው መጀመሪያ ይቅር ይላል፤ ከዚያ ነው ነገሩን የሚያላምጠው» ይላል ፊርመን። «ይቅር ብሎ የተገላገለ ሰው የት አየሽ? የባርቴስን ልጅ በጦርነቱ ጊዜ ብስክሌቴን ሲወስድብኝ ይቅር ብዬዋለሁ። እስከ ዛሬ ሳየው ደሜ ይፈላል።»

«እሱማ ይቅርታ አይደለም፤ መምታት አቅቶህ ነው» ትላለች። «ሰው ብሶቱን አራግፎ ሲጨርስ ነው የሚቀለው። ዘፈን በሐሞት አይዘጋም።»

«የኔ ዘፈን ይዘጋል።»

«ያንተ አይደለማ! የራይናል ነው።»

ፊርመን ደግሞ ከትሩባዱሮቹ የወረሰው አንድ አመል ነበረው። ድሮ ሁለት ዘፋኞች ሰው ፊት ሲከራከሩ አንደኛው ሁለት ወገን ያለው ጥያቄ ያቀርብና «ደስ ያለህን ምረጥ፣ የተረፈውን እኔ እይዛለሁ» ይላል። ከዚያ የሚሟገተው ላመነበት ሳይሆን ለተረፈለት ነው። ፊርመን ይህንን ሕግ ወደ ኑሮው አመጣው። ሁለት ጡጫውን ዘርግቶ «ምረጪ» ይላል። አይቡን ወይስ ፕሪሙን? ምረጪ። ባንቺ መኪና ወይስ በኔ? ምረጪ። የተረፈውን ይወስድና ከወሰደ በኋላ የኔ ነው የሚበልጠው ብሎ ችክ ይላል። በዚህ አንጓ ላይ ብቻ ጡጫውን ዘርግቶላት አያውቅም። «ይሄ አይመረጥም» አላት፤ በቃ።

ያን ሐሙስም እንደዚሁ ሲነታረኩ ዋሉ። ሲመሽ ኖኤሊ ወረቀቷን ሰበሰበች። እሱ አሁንም ይናገራል፤ ካፖርቷን ስትለብስ ይናገራል፤ በሩ ድረስ ተከትሏት ይናገራል። ያን ጊዜ ዞር ብላ «አፍህን ይዝጋው! አንድ ቀን እንኳ ይዝጋውና ልረፍ» አለችው። ጉንጩን ሳትስመው ወጣች።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ።

ፊርመን ካኦር ሆስፒታል ሰንብቶ ለገና ወደ ቤቱ ተመለሰ። እግሩ በከዘራ መለስ ብሏል፤ ቀኝ እጁ አልተመለሰም፤ ከቃል ሁሉ የተረፈለት ደግሞ አንዲት ናት። «ማክሰኞ» ይላል። ለምን ማክሰኞ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሚቀርበውስ ሐሙስ ነበር። ሲርበው ማክሰኞ፣ ሲበርደው ማክሰኞ፣ ድመቷ ጭኑ ላይ ስትወጣ ማክሰኞ። ሾርባው ሊያልቅ ሲል እንደ አባቶቹ ወይን ጠጅ ጨምሮበት፣ ሳህኑን በግራ እጁ አንስቶ ጭልጥ ያደርግና ከንፈሩን ጠርጎ «ማክሰኞ» ይላል፤ ያቺኛዋ እንኳ ታስታውቃለች።

«ራሱን አዎ ብሎ ሲነቀንቅ እውነት አይምሰልሽ» አለቻት ዦዜት ለኖኤሊ። «ሾርባ ልስጥህ ስለው ይነቀንቃል። ቤቱን ላቃጥለው ስለውም ይነቀንቃል። ትናንት ሁለት ጊዜ ቤቱን አቃጥዬው ነበር።»

ዦዜት በመከራ ላይ የምትቀልድ ሴት ናት፤ አለበለዚያማ እንዴት ትችለው ነበር። ኖኤሊ መቀለድ አልቻለችም። እንደ ድሮው ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፤ ትይዩው ትቀመጣለች፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ትናገራለች። አንድ ቀን ዦዜት እንጨት ልታመጣ ስትወጣ ጠብቃ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ፊርመን፣ ያን ቀን በሩ ላይ ያልኩህን ታስታውሳለህ?»

ትኩር ብሎ አያት።

«ከልቤ አልነበረም። ማለት… በዚያች ደቂቃ ከልቤ ነበር። አሁን ግን ምላሴ ተቆርጦ በወደቀ ብዬ ነው የምኖረው። ይቅር በለኝ።»

«ማክሰኞ» አላት።

ራሱን ነቀነቀ። ይቅር ብዬሻለሁ ማለቱ ይሁን፣ ከቤቴ ውጪልኝ ማለቱ ይሁን፣ ቤቱን ላቃጥለው ብትለውም የሚነቀንቀውን መነቅነቁ ይሁን፣ በምን ትወቅ? ሰው ቢሰድብህ ትመልሳለህ፤ ቢያኮርፍህ ትለማመጣለህ። ማክሰኞ ቢልህ ግን ምን ይደረጋል? ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ለሌላ ሰው ነው የተተረተው። የፊርመን ዝምታ የኖኤሊን ሆድ በልቶ ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም ነበር።

ሰውየው በተመለሰ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከቱሉዝ ሲካር ደወለላት። ሲካር መጽሐፉን የሚያሳትመው ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሲቸኩል ግን አፉ ይቀድመዋል።

«መዳም ኖኤሊ፣ ማተሚያ ቤቱ ተራ ይዞልናል። ሰኞ ጠዋት ያለቀለት ወረቀት ከእጄ ካልገባ ተራውን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንግዲህ… አሥር ዓመት ጠብቀናል መዳም። እውነቱን ልንገርዎት፣ አሁን ካልታተመ ይታተማል ብዬ አልዋሽዎትም። የቀረችው ያቺ የአንጓ ነገር ብቻ ናት አይደል?»

«አልወሰንንም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የርስዎን ያድርጉታ። ሙሲዬ ፊርመን እንደሆነ አሁን አይከራከሩም።»

ኖኤሊ ስልኩን ዘጋች። ልጁ ክፉ አላለም። እውነት ነው ያለው። አሥር ዓመት ሙሉ ልታሸንፈው የታገለችውን ክርክር አሁን ማንም ሳይከለክላት ልታሸንፍ ትችላለች። ወረቀቱን አስተካክላ ፖስታ ቤት መሄድ ብቻ ነው። የዘጋችውን አፍ ተረማምዳ ማሸነፍ ማለት ግን ይሄ ነው፤ ይህንን እያወቀች ብታደርገው በቀሪ ዕድሜዋ መጽሐፉን ገልጣ ማየት አትችልም።

ዓርብ ዕለት ሁለቱን ወረቀት ይዛ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋችለት። «ይሄ ያንተ ነው፤ ይቅርታው ሦስተኛ ላይ። ይሄ የኔ ነው፤ መጨረሻ ላይ። የቱን ልላክ?»

ፊርመን የራሱን አይቶ ነቀነቀ። የሷንም አይቶ ነቀነቀ። «ማክሰኞ» አለ፤ አባባሉ ግን እንደ ሌላው ቀን አልነበረም፤ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ከንፈሩን እየታገለ፣ አንድ ነገር ከጉሮሮው ሊጎትት የፈለገ ይመስል ነበር። አልወጣለትም። በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታ።

«ተወው በቃ» አለችው። «አትድከም። እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ወረቀቶቹን እዚያው ትታለት፣ ቤቷ ገብታ የሱን ቅደም ተከተል ሠራች። ይህ እንዲሁ አንጓን ከቦታው አንስቶ ማስቀመጥ እንዳይመስላችሁ። ይቅርታው ሦስተኛ ላይ ሲገባ ከሱ በኋላ ያለው ምሬት ሁሉ ድምፁ ይለወጣል፤ «ደግሞም» የተባለው «ቢሆንም» ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ያሳረፈችው ስንኝ ማረፊያ መሆኑ ይቀርና መንገድ ይሆናል። የማታምንበትን ሰው ሐሳብ አሳምራ ለመተርጎም ታገለች፤ የራሷንም ያን ያህል ታግላለት አታውቅም። ሲያልቅ ጮክ ብላ አነበበችው። ያ ግትር ሰውዬ በዚህ በኩል አይቶት ከሆነ የሚያስቀይም ነገር የለውም አለች። ያም ሆኖ ትክክል ነው አላለችም፤ ግትርነት የፊርመን ብቻ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ላከችው። እፎይ እላለሁ ብላ ነበር፤ አላለችም። ዕዳዋን ላልተበደረችው ሰው የከፈለች ያህል ነው የተሰማት። እሱ የፈለገው መጽሐፍ ይወጣል፤ እሷ የፈለገችው ግን መጽሐፍ አልነበረም። አንዲት መልስ ነበረች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዦዜት ደወለች። «ነይ። አትደንግጪ፣ ደህና ነው። ነይ ብቻ።»

እንዲህ ተብሎ የማይደነግጥ የለም። ኖኤሊ ካፖርቷን በተሳሳተ ቁልፍ ቆልፋ ደረሰች። ፊርመን ከጠረጴዛው ኋላ ቁጭ ብሏል፤ ተላጭቷል፤ ፀጉሩ ገና አልደረቀም። ያን ቀን የዘረጋችለት ሁለት ወረቀት አሁንም ፊቱ ነው።

«ጠዋት ሳጥበው እያንጎራጎርኩ ነበር» አለች ዦዜት። «ያቺን ልጆች ሳለን ቤተ ክርስቲያን የምንዘምራትን። መሐሉ ላይ ቃሉ ጠፋኝ። እሱ ቀጠለው።»

«ምኑን ቀጠለው?»

«መዝሙሩን ነዋ! ቃል በቃል። አንድ ሳይስት እስከ መጨረሻው።»

«ተይ እንጂ ዦዜት።»

«እናቴ ትሙት። ያቺ ለንግግር ማለማመጃ የምትመጣው ልጅ ነግራኝ ነበር፤ ንግግርና ዜማ ጭንቅላት ውስጥ የሚያድሩት ለየብቻ ነው፣ የአንዱ በር ቢዘጋ በሌላው ይገባል ብላኝ ነበር። ልጅ ነገር ብዬ ተውኩት። ዛሬ ታጥቦ ሲያበቃ ‹አንተ፣ ትናገራለህ እንዴ?› ስለው…»

«ማክሰኞ አለሽ።»

«ማክሰኞ አለኝ።»

ኖኤሊ ወንበሯን ስባ ትይዩው ተቀመጠች። ራይናል ለረጅሙ ዘፈን ያወጣው ዜማ በሚላኖው ብራና ላይ አለ፤ በመጀመሪያው አንጓ አናት ላይ ብቻ፣ እንደ ጉንዳን ተሰልፎ። ከዓመታት በፊት አስጠንታው ነበር። «የኔ ድምፅ ዘይት ያልተቀባ የበር ማጠፊያ ነው» ብሎ ሰው ፊት ዘፍኖት አያውቅም፤ ወይኑን ሲገርዝ ግን ሲያንጎራጉረው መንገድ አላፊው ሁሉ ሰምቶታል። አሁን እሷ ያለ ቃል ጀመረችለት። ዜማው ተሰባበረባት።

ፊርመን ዓይኑን ጨፈነ። አፉ ተከፈተ።

«ቅጠሉ ሲረግፍ፥ ወፉም ሲሰደድ፤
እኔ እዘፍናለሁ፥ ባዶ እጄን ከመንገድ።»

ቃሉ ያ የጥንቱ የኦክሲታን ቃል ነው፤ አንድ ፊደል አልጎደለውም። ድምፁ እውነትም ማጠፊያ ነው። ኖኤሊ ዜማውን ብትተውለትም አላቆመም። አንደኛው አንጓ አለቀ፤ ሁለተኛው ገባ። ሁለተኛው ሲያልቅ ትንፋሿን ያዘች፤ ከዚህ ቀጥሎ በሱ ቤት ይቅርታው ነው የሚመጣው።

አልመጣም።

«ቃልሽ ውርጭ ሆኖ፥ ቡቃያዬን መታ፤
ዘፈኔ ከአፌ ደጅ፥ ቆሞ ቀረ ማታ።»

ኖኤሊ አንገቷን ደፋች። ይህን ስንኝ ራሷ ናት የተረጎመችው፤ የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚመታ አጥንቷን ሳይቀር ታውቀዋለች። ያን ጊዜ ግን ስለ አንዲት የሞተች ሴት ነበር የመሰላት። አሁን ፊርመን ዓይኑን ከፍቶ እሷን እያየ ነው የሚዘፍነው። ምሬቱን አንድ በአንድ አወረደው፤ አራተኛውን፣ አምስተኛውን፤ አንዱንም አላስቀረላትም። እሷም አንዱንም አላመለጠችም። ይገባኛል ብላ ተቀበለችው። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ይቅር ብያለሁ፥ ቂሜን ጥዬዋለሁ፤
በርሽን ብትዘጊም፥ ደጁን አውቀዋለሁ፤
ዝናብ ቢያባርረኝ፥ እዚያው እመጣለሁ።»

መዶሻው አየር ላይ ቀርቷል። ዦዜት ዋልነቱን በሁለት ጣቷ እንደያዘች ደርቃለች። ፊርመን አረፍ አላለም፤ ትሩባዱሮች ዘፈን ሲያበቁ ዘፈኑን ራሱን መልእክተኛ አድርገው የሚልኩበት አጭር መሰናበቻ አላቸው፤ እሱን አስከተለ።

«ሂጂ ዘፈኔ ሆይ፥ ወንዙን ተሻግረሽ፤
ላስከፋችኝ ንገሪ፥ ደህና ነው ብለሽ።»

ኖኤሊ አለቀሰች። እንደ ላቲን አስተማሪ ሳይሆን እንደ ልጅ፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ድንገት ቀና አለች።

«ቆይ፣ ቆይ። ይሄ የኔ ቅደም ተከተል ነው።»

ፊርመን ነቀነቀ።

«ሆን ብለህ ነው?»

ነቀነቀ። ዦዜት መዶሻዋን አስቀመጠች። «አንተ፣ ቤቱን ላቃጥለው?» አለችው። ፊርመን ደንግጦ አያትና ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛወዘ።

«ተመስገን» አለች ዦዜት። «እህልሽን ብዪ ኖኤሊ፤ መነቅነቁ የእውነት ነው።»

ኖኤሊ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ቀሏት አያውቅም። ትከሻዋ ላይ አንድ ክረምት ሙሉ የተሸከመችው ነገር ወረደላት። መሳቅ ጀመረች። እየሳቀችም እንባዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች።

«አንተ የኔን ዘፈንክልኝ» አለችው። «እኔ ደግሞ ትናንት ያንተን ላክሁት። ፖስታው መንገድ ላይ ነው። ይቅርታው ሦስተኛ ላይ ነው የሚወጣው፤ እንዳልከው።»

ፊርመን አፈጠጠባት። ከዚያ የሚታዘዝለት የፊቱ ግማሽ ቀስ ብሎ ተፈታና ሳቀ፤ ድምፅ ያለው ሳቅ ነው፤ ከአሥር ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ ሁለቱም ጎራ ቀይረው እንደተገኙ ሁለት ወታደሮች ሆነዋል።

«ነገ ጠዋት ለሲካር ብትደውዪለት ይቀይረው የለም?» አለች ዦዜት። «እንግዲህ ተስማሙና ገላግሉን።»

ያን ጊዜ ፊርመን አንድ ነገር አደረገ። ደረቁን ቀኝ እጁን በግራ እጁ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ፣ የራሱ ወረቀት ላይ አኖረው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፎ ጡጫ አደረጋቸው፤ አውራ ጣቱ እየተከፈተ ሁለት ጊዜ አስቸገረው። ግራውን ደግሞ ጨብጦ የኖኤሊ ወረቀት ላይ አስቀመጠ። ቀና ብሎ አያት።

«ማክሰኞ» አለ።

ምን እንዳለ ድመቷም ገብቷታል። ይህ አንጓ አይመረጥም ብሎ አሥር ዓመት የከለከላትን አሁን ምረጪ ነው የሚላት።

ኖኤሊ ግራውን ብትነካ የራሷ ነው፤ አሁን ያለ ኀፍረት ልትወስደው ትችላለች፤ እሱ ራሱ ዘፍኖላታል። እጇን ዘረጋች። ዘርግታም ጥቂት አሰበች። የሷ ዘፈን ይቅር ብሎ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ቃል የለም። የሱ ዘፈን ይቅር ይልና ገና መናገሩን ይቀጥላል። ደረቁን ጡጫ ነካች።

«ያንተን» አለችው። «እንደተላከው ይታተም። ይቅርታውን ሰምቼዋለሁ። አሁን ማማረሩን ቀጥል።»

ሕጉ ሕግ ነው፤ ለተረፈለት መሟገት አለበት። ፊርመን ግራ እጁን ከፍቶ የኖኤሊን ወረቀት ጎትቶ ደረቱ ሥር አደረገ፤ በጣቱም የመጨረሻውን አንጓ ይቀጠቅጠው ጀመር። «ማክሰኞ፣ ማክሰኞ» አለ፤ አንዴ ከፍ አድርጎ፣ አንዴ ዝቅ አድርጎ፣ መሐል ላይ ትንፋሽ ወስዶ፣ ልክ እንደ ድሮው ማስረጃ እየደረደረ።

«በጭራሽ» አለች ኖኤሊ። «ብራናህን እይ። የፓሪሱ ጸሐፊ እንዲህ አይሳሳትም።»

«ማክሰኞ!»

«የሚላኖው እንደሆነ እንቅልፋም ነው። አንተው ራስህ አይደለህ እንዴ እንቅልፋም ያልከው?»

«ጀመራቸው ደግሞ» አለች ዦዜት። መዶሻዋን አነሳችና ኳ፣ ኳ ማድረጓን ቀጠለች።

ክርክሩ ጦፈ። ፊርመን በማክሰኞ ሲያቅተው ስንኟን በዜማ አውጥቶ ይወረውርባታል፤ እሷ ደግሞ ትመልስለታለች። ሲመሽ ኖኤሊ ካፖርቷን ለበሰች። እሱ አሁንም ይናገራል። ከዘራውን ይዞ በሩ ድረስ ተከተላት፤ እዚያም ይናገራል። ሰለቻት። ዞር ብላ እንደ አመሏ «አፍህን…» አለችና ዋጠችው።

ፊርመን ቅንድቡን ሰቅሎ ይጠብቃታል።

«አፍህን አይዝጋው» አለችው፤ ጉንጩንም ሳመችው።

«ማክሰኞ» አላት፤ ክርክሩንም ካቆመበት ቀጠለ።